ከብርዱ በኋላ የጓሮ ዓሣ ኩሬ እንዴት ላዘጋጅ? (ባሕር ዳር)

አባይ ማዶ | ጥር 24

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። ቤቱን ስንገዛ ጓሮው ውስጥ የዓሣ ኩሬ ነበረው። ስፋቱ 8 በ12 ሜትር ነው። በአንዱ ጫፍ ውሃው ከጉልበት ከፍ ይላል፣ በሌላው ጫፍ ወገብ ይደርሳል። ውስጡ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) አለ።

ከታኅሣሥ ወዲህ ዓሦቹ መብላት ትተዋል ማለት ይቻላል። ፉርሽካ ስበትን ላዩ ላይ ተንሳፎ ይውላል። ትልቅ የሚባለው ዓሣ መዳፍ አይሞላም። ትናንሾቹ ግን ከቁጥር በላይ ናቸው። ውሃው ጎድሏል፣ ጠርዙን ሣር ወርሶታል፣ ታቹ ስትረግጠው የሚያሰምጥ ጥቁር ጭቃ ነው።

መጋቢት ሲመጣና ሲሞቅ በደንብ መጀመር እፈልጋለሁ። ልጆቼም ዓሦቹን ይወዷቸዋል፣ እኔም ከጓሮዬ ዓሣ መብላት እፈልጋለሁ። አፈሩ ዋልካ ነው። ግቢ ውስጥ የጉድጓድ ውሃ አለ። ውሃውን ሙሉ በሙሉ ላፍሰው ወይስ እየጨመርኩበት ልቀጥል? ከየት ልጀምር?

የውሃ ተማሪ | ጥር 24

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ዓሦችህ አልታመሙም። ቆሮሶ የሙቅ ውሃ ዓሣ ነው። ውሃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን በደንብ ይበላል፣ በደንብ ያድጋል። ከ20 በታች ሲወርድ ፍላጎቱ ይቀንሳል። 16 አካባቢ ሲደርስ ምግብ ይተዋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ቀኑ ቢሞቅም የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ይቀዘቅዛል። ጣና ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱን ይዞ ያድራል። የጓሮ ኩሬ ግን ያን አይችልም። ስለዚህ አሁን ምግብ አትጨምር። ያልተበላ ፉርሽካ ወርዶ ጭቃውን ነው የሚያበዛው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመጣ፣ የኔ መልስ አፍስሰው ነው። ምክንያቱም ያ ጥቁር ጭቃ ነው። ያልተበላ ምግብ፣ የዓሣ ኩስ፣ የሞተ አልጌ (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ነገር) እና ቅጠል ተጠራቅሞ የሠራው ነው። በብርዱ ወቅት ዝም ብሎ ይተኛል። መጋቢት ላይ ውሃው ሲሞቅ ግን መበስበሱ ይፈጥናል። የሚበሰብስ ነገር ደግሞ ኦክስጅን ይበላል። ዓሦቹ የበለጠ ኦክስጅን በሚፈልጉበት ሰዓት ጭቃው ይሻማቸዋል። ብዙ ሰው «ሙቀት ሲመጣ ዓሣዬ አለቀ» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። ሙቀቱ አይደለም የገደላቸው፣ ሳይጸዳ የቀረው ታች ነው።

ሁለተኛው ነገር ትናንሾቹ ናቸው። እነሱ ሕፃን ዓሦች እንዳይመስሉህ። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ግን ቦታና ምግብ አጥተው የቀጨጩ ናቸው። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ስለዚህ ከልጆቿ ብዙዎቹ ይተርፋሉ። መዳፍ ሳትሞላ መራባት ትጀምራለች። ጠባብ ኩሬ ሲጨናነቅ ደግሞ ከማደግ ይልቅ መራባት ላይ ያተኩራሉ። አዲስ ውሃ ብትጨምር፣ ምግብ ብታበዛ፣ ኩሬው እንደተጨናነቀ እስከቆየ ድረስ እነዚህ ዓሦች ትልቅ አይሆኑልህም።

ጣና ዳር | ጥር 25

ልጄ፣ ከላይ ያለው ወጣት ልክ ነው። እኔ ግን ስለ ጊዜው ልንገርህ። ከታንኳ ዘመን ጀምሮ ዓሣ ስሸጥ ኖሬያለሁ። ዓቢይ ጾም ሲገባ ገበያው ይደምቃል። በጾም ዓሣ የሚበላም የማይበላም አለ፣ ያ የየሰው ነው። ፈላጊው ግን ይበዛል። ስለዚህ ኩሬህን ልታፈስ ካሰብክ ጾሙ ሊገባ ሲል አፍስስ። መዳፍ የሚሞሉትን ለጎረቤትና ለምግብ ቤት ሽጥ። ትናንሾቹን በደንብ ጠብሰህ ከነአጥንታቸው ብላቸው። የተረፈውን አድርቀህ ለዶሮ ስጥ። አንድም አይጣልም።

ስታወጣቸው ማለዳ ይሁን። ፀሐይ ሳይወጣ፣ 12 ሰዓት አካባቢ። ውሃው ሳያልቅ ገና ጉልበት ላይ ሳለ በመረብ ሰብስብ። እስኪደርቅ ጠብቀህ ከጭቃ ውስጥ የምትለቅማቸው ዓሦች መተንፈሻ ስንጥባቸው በጭቃ ስለሚደፈን ወዲያው ይሞታሉ። ሥጋቸውም ጭቃ ጭቃ ይላል። በሕይወት የምታቆያቸው ካሉ ንጹህ ውሃ ያለበት በርሜል አስቀድመህ አዘጋጅ፣ ጥላ ሥር።

ሐሙሲት | ጥር 25

ሰላም ወንድሞች። እኔ ዋልካ መሬት ላይ ነው ኩሬ ያለኝ። ስለዚህ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በመጽሐፍ ላይ «ታቹ እስኪሰነጠቅ አድርቁ» ይላል። ቀይ አፈር ላይ ይሄ ይሠራል። ዋልካ ላይ ግን ስንጥቁ እጅ እስከ ክንድ ያስገባል። የካቲት ላይ ሙሉ በሙሉ አድርቀህ መጋቢት ላይ ውሃ ስትሞላ፣ ውሃው በስንጥቁ ሲሄድ ቆመህ ታያለህ። ጉድጓድህን ታደርቃለህ እንጂ ኩሬው አይሞላም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ውሃውን አፈሳለሁ። እግር ሲረግጠው ፈለግ ይዞ የማያሰምጥ እስኪሆን ብቻ አደርቀዋለሁ። ያኔ ጥቁሩን ጭቃ በአካፋ ገፍፌ ለጎመኑና ለበርበሬው አወጣለሁ። ከጭቃው የተሻለ ማዳበሪያ አላየሁም። ታች ያለው ጠንካራ አፈር ሲመጣ አቆማለሁ። ከዚያ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ ለቅቄ በሬዎቹን አስገባና አስረግጠዋለሁ። ለጤፍ ማሳውን በከብት የምታስረግጡ ይህን ታውቁታላችሁ። የተረገጠ ዋልካ ውሃ አያሳልፍም። በሬ ከሌለህ የሰፈሩን ልጆች ሰብስብ፣ በእግርም ይሆናል።

የሚረሳው ቦታ ደግሞ ዙሪያው ነው። ታቹን አርጥበህ ጠርዙን ካደረቅከው የሚሰነጠቀው ጠርዙ ነው። ጠርዙ ላይ አጭር ሣር ይኑር። ሥሩ አፈሩን ይይዘዋል። ዛፍ ግን አትትከልበት። የባሕር ዛፍ ሥር ኩሬ ይበሳል።

የውሃ ተማሪ | ጥር 25

@ሐሙሲት ስለ ዋልካው ያልከውን እቀበላለሁ። ነገር ግን ግማሽ ድርቀት ብቻ ከሆነ አንድ ችግር ይቀራል። ኩሬው ዝቅተኛ ቦታዎቹ ላይ ውሃ ያቁራል። እዚያ ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ቆሮሶ፣ የእንቁራሪት ዘርና ቀንድ አውጣ ይተርፋል። አምባዛ (ጺም ያለው ዓሣ በል ዓሣ) ካለማ ጭራሽ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይቆያል፣ አየር ከላይ መተንፈስ ስለሚችል። ከዚያ አዲስ ጫጩት (የዓሣ ግልገል) ስታስገባ ቁርስ ይሆኑለታል። ለዚህ መፍትሔው ኖራ ነው።

ዶሮና ዓሣ | ጥር 26

ኖራውን እኔ ላስረዳ። ከዶሮ ጋር አጣምሬ ዓሣ ስለማረባ በየዓመቱ የማደርገው ነው።

ሁለት ዓይነት ኖራ አለ። ሰዎች አንድ ያደርጉታል፣ ትልቅ ልዩነት ግን አለው። አንደኛው የግብርና ኖራ ነው፤ ለአሲዳማ ማሳ የሚበተነው። ይህ ለስላሳ ነው። ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ኪሎ በታቹም በጠርዙም ላይ እኩል ይበተናል። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ያስተካክለዋል፣ በኋላ የምትጨምረው ፍግ እንዲሠራም ያደርጋል። ያንተ ኩሬ 96 ካሬ ሜትር ስለሆነ አንድ አሥራ ሁለት ኪሎ ይበቃሃል።

ሁለተኛው ለግንብና ለቀለም የሚሸጠው ኖራ ነው። ይህ ኃይለኛ ነው። የቆረ ውሃ ላይ ሲገባ ውስጡ ያለውን ሁሉ ይገድላል። ስለዚህ ለቆሩት ውሃዎች ብቻ ተጠቀምበት። ሲበተን ነፋሱን በጀርባህ አድርግ። ጓንት አድርግ፣ አፍና አፍንጫህን ሸፍን። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። ልጆች ያን ቀን ጓሮ እንዳይወጡ። ይህን ኖራ ከተጠቀምክ ኩሬው ከተሞላ በኋላም ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዓሣ አታስገባ።

ኖራና ፍግ በአንድ ቀን አይጨመሩም። ቢያንስ አንድ ሳምንት ይለያያቸው። አብረው ሲገቡ የፍጉ ጥቅም ሽታ ሆኖ ይተናል።

ከሳምንት በኋላ ውሃው ሲገባ የደረቀ የዶሮ ኩስ 10 ኪሎ ያህል ለመነሻ ጨምር። ከዚያ በየሳምንቱ ከ3 እስከ 5 ኪሎ። የላም እበት ከሆነ እጥፍ አድርገው። እኔ በጆንያ አድርጌ ጥግ ላይ ከተተከለ እንጨት ጋር አስረዋለሁ። ጭማቂው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ገለባው ኩሬውን አያቆሽሽም። ፍጉ ለውሃው ከበዛ ደግሞ ጆንያውን መዘዝ አድርጎ ማውጣት ነው። ዶሮዎቹ መድኃኒት በወሰዱበት ሰሞን ያለውን ኩስ ግን አልጠቀምም።

ሽምብጥ | ጥር 26

ሁላችሁም ጥሩ ተናግራችኋል፣ ግን ውሃውን ማን አሰበው? እስቲ እናስላ። 96 ካሬ ሜትር በአማካይ 90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው 86 ሺህ ሊትር ገደማ ነው። በየካቲት! ጉድጓዶች በሚጎድሉበት ጊዜ። የቧንቧ ውሃ ለሚጠቀም ሰውማ የማይታሰብ ነው።

እኔ ኩሬዬን የማፈሰው መስከረም ላይ ነው። ክረምቱ ሞልቶልኛል፣ ጉድጓዱ ጢም ብሏል። አፍስሼ፣ አጽድቼ፣ በሳምንታት ውስጥ እሞላዋለሁ። ታቹ ጂኦሜምብሬን (ወፍራም የኩሬ ፕላስቲክ) ስለሆነ መሰንጠቅ የለም፣ ኖራም ብዙ አያስፈልገኝም። ጭቃውን በመጥረጊያ ሰብስቤ አወጣለሁ። ዶማና አካፋ እንዳትጠቀሙ ብቻ፣ ፕላስቲኩን ይበሱታል።

የውሃ ተማሪ | ጥር 26

@ሽምብጥ ስሌትህ ልክ ነው፣ ስላነሳኸውም አመሰግናለሁ። መስከረም ለውሃ ይሻላል። ለዓሣው ግን አይሻልም። መስከረም መጨረሻ ጫጩት ብታስገባ ጥቅምትና ኅዳር ያድጋሉ፣ ከዚያ ብርዱ ያቆማቸዋል። መጋቢት ላይ ያስገባኸው ግን ሙቀቱን ሁሉ ያገኛል። ከ6 እስከ 9 ወር ውስጥ ለገበታ ይደርሳል።

ጉድጓድ ላለው ሰው መለኪያው መሙላቱ ብቻ አይደለም፣ መተካቱም ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ከባሕር ዳር ኩሬ በቀን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ውሃ በትነት ይሄዳል። ለ96 ካሬ ሜትር ይህ በቀን ወደ 480 ሊትር ነው። ስርገቱ ሲጨመር ይበልጣል። ጉድጓድህ ለቤት ከሚያስፈልግህ ላይ ይህን በየቀኑ መስጠት ከቻለ በመጋቢት ጀምር። ካልቻለ የሽምብጥን መንገድ ያዝ። ወይም ዘንድሮ ግማሹን ኩሬ በአፈር ክፈለውና በትንሹ ጀምር።

የሚፈሰው ውሃም አይባክን። የአረንጓዴ ኩሬ ውሃ ለጓሮ አትክልት ሁለት ጥቅም አለው፣ መስኖም ነው ማዳበሪያም ነው። ቀስ እያልክ ለጎመን፣ ለሙዝና ለማንጎ ልቀቀው።

ጤና ጣቢያ | ጥር 27

ይህን ውይይት ስከታተል ቆይቼ ሦስት ነገር ማለት ፈለግሁ። በጤና ሥራ ላይ ነኝ።

ጭቃውን ስታወጡ ቦቲ አድርጉ፣ በባዶ እግር አትግቡ። ጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ አለ። የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ረጋ ባለና ሣር ባለበት ውሃ ዳር ይኖራል። በሽታው በቆዳ ነው የሚገባው፣ ውሃውን መጠጣት አያስፈልገውም። ስለዚህ በእግር መርገጡ ኩሬው ደርቆና ኖራ ገብቶበት፣ ውሃውም ከጉድጓድ የመጣ ከሆነ ይሁን። ልጆችን ከማስገባት ተቆጠቡ። ሰው በኩሬው አካባቢ ሜዳ ላይ እንዳይጸዳዳም ጠብቁ፣ የበሽታው ዑደት የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ሁለተኛው ወባ ነው። ዓሣ ያለበት ንጹህ ኩሬ ብዙ ትንኝ አያፈራም፣ ቆሮሶ እጩን ይበላል። ትንኟ የምትራባው ዓሣው በማይደርስበት በጠርዙ ሣር ውስጥ ነው። ስለዚህ ውሃው ውስጥ የገባውን ሣር በሙሉ እጨዱ። ከከብት የእግር ፈለግ የሚቆሩ ትናንሽ ውሃዎችንም ድፈኑ።

ሦስተኛው በጣም አሳሳቢ ነው። ብዙ ሰው ኩሬውን ከወፍ ለመሸፈን ወይም የውሃ መግቢያውን ለማጥለል የወባ አጎበር ይጠቀማል። አታድርጉት። አጎበሩ ላይ ያለው መድኃኒት ለሰው አይጎዳም፣ ለዓሣ ግን በትንሹም መርዝ ነው። አጎበር የተሠራው ለአልጋ ነው፣ አልጋው ላይ ይሁን። ለማጥለያ ንጹህ ሻሽ ወይም የፕላስቲክ ወንፊት ይበቃል። ቤት ውስጥ ለትንኝና ለቁንጫ የሚረጭ መድኃኒትም ኩሬው አጠገብ አይረጭ። ዕቃውም ኩሬው ውስጥ አይታጠብ።

አባይ ማዶ | የካቲት 6

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። የአጎበሩን ነገር ባትነግሩኝ አዘጋጅቼው ነበር።

ውሃውን እያፈሰስኩ ለአትክልቱ ለቅቄዋለሁ። ጋሼ @ጣና ዳር እንዳሉት ማለዳ ላይ በመረብ ሰብስበናል። ለቤት የሚሆነውን አስቀርተን ቀሪውን ለጎረቤት ሸጥን። ጭቃው ብዙ ነበር። በርበሬው መደብ ላይ ተከምሯል። ነገ ኖራ እበትናለሁ።

አሁን ጥያቄዬ ስለ ጫጩት ነው። አንድ ሰው ከሐይቁ ዳር በትንሽ መረብ ይዤ ላምጣልህ አለኝ፣ ርካሽ ነው። ሌላው ደግሞ ከሌላ አካባቢ ካርፕ የሚባል ቶሎ የሚያድግ ዓሣ አለ ይለኛል። የቱ ይሻላል?

ጣና ዳር | የካቲት 6

ልጄ፣ ሁለቱንም ተው።

ከሐይቁ ዳር በትንሽ መረብ የሚያዘው ጫጩት ሁሉንም የቀላቀለ ነው። ቆሮሶ ያልከው ውስጥ አምባዛ አለ፣ የነጭ ዓሣ ልጅ አለ። አምባዛው ትልቅ ከሆነ ሌሎቹን ይበላል። ነጭ ዓሣው በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ወጥቶ የሚራባ ነው፣ ኩሬ ውስጥ አይሆንለትም። ከሁሉ የከፋው ግን የሐይቁን ልጆች መፍጀት ነው። ዱሮ በአንድ ጥል የምናወጣውን ዛሬ ልጆቼ ውለው አድረው አያገኙትም። ዳር ያለው ጫጩት የነገው ዓሣ ነው። እባክህ አትግዛው፣ የሚሸጥ ካለም ምከረው።

የውሃ ተማሪ | የካቲት 6

ጋሼ ያሉት ላይ ስለ ካርፑ ልጨምር። ጣና ውስጥ ያሉት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች 15 ያህል ናቸው። አብዛኞቹ ከጣና ሌላ በዓለም የትም አይገኙም። ይህ ለዚህ ሐይቅ ብቻ የተሰጠ ሀብት ነው። አባይ ማዶ ካለ ኩሬ የሚያመልጥ ዓሣ ክረምት ላይ ጎርፍ ሲመጣ ወንዙ ውስጥ ነው የሚገኘው። ካርፕ ጭቃ እየቆፈረ ውሃ ያደፈርሳል፣ የሌላውን ቦታ ይሻማል። እንቦጭ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ላይ ሲታይ ትንሽ ነበር። ዛሬ ስንት ሰው በእጁ እየነቀለው እንዳልጨረሰው ታያላችሁ። አንድ ጊዜ የገባ ነገር አይወጣም። ያለ ፈቃድ የውጭ ዝርያ ማስገባት በሕግም አይፈቀድም።

እንቦጭን ካነሳሁ፣ «አበባው ያምራል፣ ውሃም ያጠራል» ብላችሁ ኩሬያችሁ ላይ አታስገቡ። ላዩን ሸፍኖ ብርሃን ይከለክላል፣ ከታቹ ኦክስጅን ይጠፋል።

ቆሮሶውን ከታመነ ቦታ አምጣ። ባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፣ መጀመሪያ እዚያ ሄደህ ጠይቅ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በዓሣ ዘርፍ ያስተምራል። መቼ ጫጩት እንደሚኖራቸው ቀድመህ ጠይቅ፣ የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው።

ብዛቱ በካሬ ሜትር ሁለት። ላንተ 200 ጫጩት ይበቃል። «ቦታው ሰፊ ነው፣ 500 ላድርገው» የሚል ሐሳብ ይመጣብሃል። አትስማው። ያ ነው አሁን ወዳፈሰስከው ኩሬ የሚመልስህ።

ቦሌ | የካቲት 7

ይቅርታ፣ እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ግቢ ውስጥ ለማስዋቢያ ቀይ ዓሦች የያዘ ትንሽ የሲሚንቶ ገንዳ አለኝ። ይህ ሁሉ ለኔም ይሠራል?

የውሃ ተማሪ | የካቲት 7

እህቴ/ወንድሜ፣ ቀያዮቹ ዓሦች ብርድን ከቆሮሶ የበለጠ ይችላሉ። ኖራና ፍግ አያስፈልግም። ዝቃጩን አውጣ፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትግ፣ ሳሙና አትንካ። ውሃውን በአንድ ጊዜ አትቀይረው፣ ሲሶውን ብቻ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው በበርሜል ከፍቶ አንድ ሁለት ቀን ማሳደር ነው።

አባይ ማዶ | የካቲት 27

ኖራው ከገባ ቆይቷል። በሬ የሚያውሰኝ ስላገኘሁ አስረግጫለሁ። @ሐሙሲት ተባረክ፣ ውሃው ቆሟል። ጉድጓዱ እንዳይነጥፍ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሞላሁ ነው። ፍጉንም በጆንያ አስሬያለሁ። ውሃው ግን ገና እንደ ጠላ ጉሽ ነው፣ አረንጓዴ አልሆነም። ጫጩት መቼ ላስገባ?

ዶሮና ዓሣ | የካቲት 27

ታገሥ። ከፀሐይ ጋር በሳምንት በአሥር ቀን ይለውጣል። መለኪያው ክንድህ ነው። እጅህን ዘርግተህ ቀስ እያልክ ውሃው ውስጥ አስገባ። ውሃው ክርንህ ላይ ሲደርስ መዳፍህ ከጠፋ፣ ልክ ነው፣ የዓሣው ምግብ ተዘጋጅቷል። ክንድህ እስከ ብብት ገብቶ መዳፍህ ከታየ ፍግ ያንሰዋል። ገና አንጓህ ሳይገባ ከጠፋ በዝቷል፣ ጆንያውን አውጣ። ይህ ግን ውሃው አረንጓዴ ሲሆን ነው። በጭቃ የደፈረሰ ውሃን በክንድ አይለኩም።

ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ኦክስጅን ያንሰዋል። ቱቦውን ውሃው ውስጥ አትንከረው። ከፍ አድርገህ እየተረጨ ይውረድ።

ጣና ዳር | የካቲት 28

ጫጩት የምታመጣ ቀን ማለዳ ሂድ። በፌስታል ውስጥ ኦክስጅን ሞልተው ይሰጡሃል። ቤት ስትደርስ ፌስታሉን ሳትፈታ ኩሬው ላይ አንሳፍፈው፣ ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ ይበልጥ። ከዚያ ፍታና የኩሬውን ውሃ በእፍኝ በእፍኝ ጨምርበት። ራሳቸው ዋኝተው ይውጡ። ከከፍታ አታፍስሳቸው።

ወፎችም አሉ፣ ተዘጋጅ። ዓሣ በል ወፍ ጥልቀት የሌለውን ጫፍ ይወዳል። እዚያ ጫፍ ላይ ገመድ ወዲያና ወዲህ ዘርጋ። አርጃኖም (ዓሣ የሚበላው ትልቅ እንሽላሊት) ወደ አባይ ለሚቀርብ ቤት አይጠፋም፣ አጥሩን ከሥሩ ድፈን።

ሐሙሲት | የካቲት 28

ሣር ስታጭድ ጎርፍ መከላከያ ቦዩንም አብረህ ቆፍር። አሁን ሩቅ ይመስላል። የግንቦት መጨረሻ ዝናብ ሳይታሰብ ይመጣል፣ የመንገዱን ጭቃ ይዞ ኩሬህ ውስጥ ይገባል። ውሃ መውጫው ላይም ወንፊት አድርግ፣ ዓሣህ አያምልጥ።

አባይ ማዶ | መጋቢት 20

ጫጩቶቹ ገብተዋል። 200። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል። ልጆቼ ጠዋት ጠዋት ኩሬው ዳር ናቸው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። ምግብ ምን ያህል ልስጥ? ሌላው፣ ትናንትና ዛሬ ማለዳ ዓሦቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። 3 ሰዓት ሲሆን ይተዋሉ። ርቧቸው ነው?

የውሃ ተማሪ | መጋቢት 20

ሁለተኛው ይቀድማል። አልራባቸውም፣ አየር አጥሯቸዋል። አልጌ ቀን ላይ በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል። ሌሊት ግን እሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። ስለዚህ ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። ፀሐይ ስትወጣ እንደገና ይሞላል። 3 ሰዓት ላይ መተዋቸው ይህንን ያሳያል።

ዛሬውኑ የፍጉን ጆንያ አውጣ። ምግብ ለሁለት ሦስት ቀን አቁም። ማታና ማለዳ ከጉድጓዱ ውሃ እየረጨህ ጨምር። ክንድህን ለካ፣ መዳፍህ ክርን ሳይደርስ ጠፍቶ ይሆናል። ደመናማ ቀን ሲመጣ በተለይ ተጠንቀቅ፣ ቀን ላይ ያልተሠራ ኦክስጅን ሌሊት አይኖርም።

ዶሮና ዓሣ | መጋቢት 20

ስለ ምግቡ። ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ በደንብ ፈጭተህ ደባልቅ። ትንሽ ውሃ ነክተህ ኳስ ኳስ አድርገው። መጠኑን በክብደት አስላ። ጥቂት ዓሣ በመረብ አውጥተህ መዝን። ለምሳሌ አማካዩ 50 ግራም ሲደርስ 200 ዓሣ 10 ኪሎ ነው። ከዚያ 4 በመቶው 400 ግራም ነው፣ የቀኑ ድርሻቸው ያ ነው። ለሁለት ክፈለው። ግማሹን ረፋድ 4 ሰዓት፣ ግማሹን ከሰዓት 9 ሰዓት። ውሃው ሳይሞቅ በማለዳ አትስጥ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስጥ። በሩብ ሰዓት ካልጨረሱት በማግስቱ ቀንስ።

አተላ የሚሰጥ ሰው አለ። እኔ አልሰጥም፣ ውሃውን ያበላሻል።

አባይ ማዶ | መጋቢት 26

ጆንያውን አውጥቼ ውሃ በመርጨት ጨምሬያለሁ። አሁን ማለዳ ላይ የሚወጡት ቀርተዋል። ምግቡንም በትንሽ ጀምሬያለሁ፣ ይጨርሱታል። የቀረኝ ወንድና ሴቱን መለየት ነው። እንደገና እንዳይጨናነቁ ስለፈራሁ። መቼና እንዴት ላድርገው?

የውሃ ተማሪ | መጋቢት 26

አሁን ትንሽ ናቸው፣ አይለዩም። 30 ግራም ካለፉ በኋላ ሞክር። ዓሣውን በእርጥብ እጅ ገልብጠህ ያዝ፣ ከጅራቱ አጠገብ ሆዱ ላይ ተመልከት። ወንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው። ሴቷ ሦስት አላት፣ መካከለኛዋ ቀጭን ሰንጥቅ ናት። ካልታየህ አንድ ጠብታ ሰማያዊ ቀለም ቀባው፣ ይወጣልሃል። ሴቶቹን አውጥተህ ለቤት ጥበሳቸው። ወደ አባይ ግን አትልቀቃቸው።

ሳታውቃቸው የሚያመልጡህ ጥቂት ሴቶች አይጠፉም። ለነሱ አምባዛ አለ። ኩሬው ውስጥ የተፈለፈሉ ጫጩቶች ስታይ አሥር ያህል አምባዛ ጨምር። አምባዛው ሲገባ ከቆሮሶዎችህ ያነሰ መሆን አለበት፣ ካልሆነ የሚበላው ጫጩቱን ሳይሆን ያንተን ዓሣ ነው።

ጣና ዳር | መጋቢት 26

ስትለይ በጠዋት ሁን፣ የዚያን ቀን ቁርስ አትስጣቸው። መረቡ ዓይኑ ጠባብና ቋጠሮ የሌለው ይሁን፣ ቅርፊታቸው እንዳይላጥ። የተላጠው ቦታ በሁለተኛው ቀን ነጭ ጥጥ ካበቀለ ያንን ዓሣ ለብቻው አውጣው።